የዘጠኝ ሰዓቱ ወተት

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሞተው የተገኙት ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ፍልሰታ ሊፈታ አምስት ቀን ሲቀረው። ከታችኛው ቤት ወደ ላይኛው ቤት በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ነጠላቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል፣ አንድ ጫማቸው ወልቋል። ከራሳቸው በላይ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ በሁለት እጅ የሚነሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል።

«በዚህ ነው የፈነከቷቸው» አለ ሳጅን ካሳሁን በጫማው ጫፍ እየጠቆመ። «ማን እንደሆነች ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።»

«የጎረቤቱን ሁሉ ቃል ተቀብለህ ጨረስህ?» አለችው ኢንስፔክተር ማስተዋል።

«ኧረ ገና ነው።»

«እንግዲያው እግርህን ሰብስብ።»

ማስተዋል እንዲህ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በደብረ ታቦር ፖሊስ ስታገለግል ለስላሳ ቃል ከአፏ ወጣ ብሎ የሚያማት ሰው የለም። ሰላምታ ሲሰጧት እንኳ ማስረጃ የምትጠይቅ ትመስላለች። እጥፍ ብላ ቁጢጥ አለችና ድንጋዩን ሳትነካ በዓይኗ ዞረችው።

«ደም አለው?»

«ዝናብ አጥቦት ይሆናል።»

«ቀና በል። የቆርቆሮው ክፈፍ ደረጃውን በሙሉ ሸፍኖታል። ድንጋዩ ደረቅ ነው፣ የተጣበቀበት አፈር እንኳ አልለቀቀውም። ደሙ ያለው የታችኛው ደረጃ ጠርዝ ላይ ነው። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ወድቀው ነው ራሳቸውን የተመቱት።»

ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ነጩ ቀሚስ በቀኝ ትከሻው ላይ የእጅ መዳፍ ስፋት ያለው የአፈር እድፍ ይዟል። ወደ ታችኛው ቤት ወረደች። በሩ በነፋስ እየተከፈተ እየተዘጋ ይንገጫገጫል፤ ከደፉ አጠገብ ሣሩ ገርጥቶ፣ መሬቱ የድንጋዩን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። ተመልሳ የሟቿን ቀኝ እጅ ፈታች። ከጭብጣቸው ውስጥ የወረቀት ጥግ ወጣ፣ ግማሽ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት። ማስተዋል ወረቀቷን በፖስታ አሽጋ ኪሷ ከተተችና የቤቱን ሰዎች ልትሰማ ወጣች።

መጀመሪያ ያገኘችው ደሳለችን ነው፤ የሟቿን ትልቅ ልጅ፣ ትዳሯን ፈትታ ከእናቷ ጋር ታችኛው ቤት የምትኖረውን። ፊቷን ነጭታ ደም በደም አድርጋዋለች።

«ያቺ ናት! ያቺ የደረቀች! እናቴ ስለጠላቻት ነው የገደለቻት!»

«ያቺ ማን ናት? ስም የላትም?»

«እፀገነት ናታ! የወንድሜ ሚስት። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ዘጠኝ ከሩብ ነው። ዱቄቱን እንዳዘልሁ በላይኛው ቤት ደጃፍ አለፍሁ። ጭር ብሏል! ያ ዝዝዝ የሚለው ማሽኗ እንኳ አይሰማም። ሰዓቷ ደግሞ ነበር። የት ሄዳ ነው? እናቴን ልትገድል ወጥታ ነዋ!»

ወፍጮ ቤቱ ሲጠየቅ ደሳለች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ወረፋ ይዛ ስትጨቃጨቅ እንደነበር ሰባት ሰው መሰከረ። ጭቅጭቋን ማንም አልረሳውም።

ወንድሟ ተስፋነህ የመሬት አስተዳደር ቀያሽ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መሐረቡን ዓይኑ ላይ እንደያዘ የሚናገር ሰው። «እኅቴ ከሐዘኗ ብዛት ነው፣ አይፍረዱባት» አለ። «እፀገነት ግን ከክፍሏ አልወጣችም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሳሎን በሯ ሥር ተቀምጬ ነበር። እኅቴ እስክትጮህ ድረስ ማሽኑ ሲሠራ ሰምቻለሁ።»

«ስለ ሚስትዎ ገና አልጠየቅሁዎትም።»

«ሰው ምን እንደሚል ስለማውቅ ነው።»

ሲወጡ ሳጅን ካሳሁን በሹክሹክታ፣ «እንግዲህ ደሳለች ዋሽታለች ማለት ነው» አለ። «ምቀኝነት ነው።»

«ወይም እሱ ዋሽቷል።»

«ለሚስቱ ብሎ?»

ማስተዋል የእፀገነትን በር አንኳኳች።

የዚህን ቤት ጠብ ያልሰማ ደብረ ታቦር ውስጥ የለም። እፀገነት የደሴ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች፣ ካገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የለም። ወይዘሮ ፈንታነሽ በየበዓሉ እንግዳ ፊት «የእኔ ልጅ ዘር በድንጋይ ላይ ዘራ» ሲሏት ኖረዋል። እሷም ዝም የምትል አልነበረችም፣ መልሳ ትለበልባቸው ነበር። ዘንድሮ አንድ ተማሪዋ በወሊድ ሞተችና ሴት ልጅ ትታ ሄደች። የልጅቷ አያት የይፋግ ሰው ናቸው፣ ወይዘሮ ዓይናለም ይባላሉ፤ እፀገነት ልጅቷን ላሳድግ ብላ ብትለምናቸው አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «በቆርቆሮ ወተት የሚያሳድግማ እኔም አለሁ። ጡት የምታጠባት ከሆነች ትውሰዳት።» እንዴት ያለ ነገር ነው! ላልወለደች ሴት እንዲህ ይባላል? እፀገነት ግን ዕለቱኑ ማስመሪያ አነሳች።

ያ ማስመሪያ የሠራው ሠንጠረዥ አሁን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ማስተዋልን ፊት ለፊት ያያታል። አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። ደግሞ አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ።

«ገድለሻቸዋል?» አለቻት ማስተዋል ገና ሳትቀመጥ።

«አልገደልኳቸውም። አልወዳቸውም ነበር፣ ይጻፉት።»

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወተት ዕቅድ። ነርስ ስርጉት ነች ያወጣችልኝ።»

«ሳይወልዱ ይታለባል?»

«ስርጉትም መጀመሪያ ስቃብኛለች» አለች እፀገነት ደረቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ አንብባ መጣች። ጡት ጉትጎታውን ነው የሚያውቀው፤ በየሦስት ሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሌትም ቀንም ስምንት ጊዜ ከጎተጎቱት ማን ወለደ ብሎ አይጠይቅም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ምንም አልነበረም። በሃያኛው ቀን አንዲት ጠብታ መጣች። አሁን አምስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ትናንት በአንድ ጊዜ አሥር ሚሊ አገኘሁ። እማማ በበሩ ሲያልፉ "መካን ላም ታልባለች" ይሉኝ ነበር። እኔም እንትፍ እልባቸው ነበር። ይኼንንም ይጻፉት።»

ስልኳ ጮኸ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። «ሰዓቴ ደረሰ። ይውጡ፣ አለዚያ ፊትዎን ያዙሩልኝ።»

ማስተዋል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ የማሽን ድምፅ ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ አልመጣም።

«ማሽንሽስ?»

«ላስቲኩ ተቀዷል። በእጄ ነው የማልበው።»

ጠረጴዛው ላይ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ውስጥ አንዲት ነጭ ላስቲክ ተቀምጣለች፣ ጠርዟ ተተርትሯል። «መቼ ተቀደደ?»

እፀገነት ትንሽ ዘገየች። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

ሃያ ደቂቃ አለፈ። እፀገነት ልብሷን አስተካክላ የወተቱን መዝገብ ከፈተችና ጻፈች። ማስተዋል እጇን ዘረጋች። መዝገቡ እንደ ሴትዮዋ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ስርዝ ድልዝ የለበትም። የዕለቱ የመጨረሻ ሦስት መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦

6 ሰዓት፣ በማሽን፣ ሁለቱም 15 ደቂቃ፣ 9 ሚሊ።

9 ሰዓት፣ በማሽን፣ ቀኝ 10 ግራ 5 ደቂቃ፣ 5 ሚሊ።

12 ሰዓት፣ በእጅ፣ ቀኝ 10 ግራ 10 ደቂቃ፣ 6 ሚሊ።

በመካከለኛዋ መስመር ላይ ግን «በማሽን» የምትለው ቃል ከሌሎቹ ወፈር ብላለች፣ ከሥሯም ሌላ ቃል ያለ ይመስላል። ማስተዋል መዝገቡን ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ይመልሱልኝ» አለች እፀገነት። «ሰኞ ያስፈልገኛል።»

«ሰኞ ምን አለ?»

«ሰኞ ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ልጄን ያስረክበኛል። እስከዚያ ከታሰርኩ ወይም ስሜ ከጠፋ ልጅቷ ማሳደጊያ ትገባለች። አያትየዋ አርጅተዋል፣ ከዚህ በላይ አይችሉም። ስለዚህ ቶሎ ይበሉና ገዳዩን ይፈልጉ።» ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መንቀጥቀጧ ራሱ አናደዳትና ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ ሬሳው ተመርምሮ ተቀበረ። እፀገነት በቀብሩ ቀን እንኳ ሰዓቷን አላጓደለችም። ደሳለች ድንኳኑ መሐል ቆማ፣ «እናቴ አፈር ሳትቀምስ ጡቷን ታልባለች! ስሙልኝ!» እያለች ጮኸች፤ ሐዘንተኛውም «ዓይኗን በጨው የታጠበች!» እያለ ተቀበላት። በዚሁ መሐል ወይዘሮ ዓይናለም የሰባት ሳምንቷን ሕፃን አዝለው ከይፋግ ደረሱ። የሆነውን ሲሰሙ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጡና ለማንም ሳይናገሩ ሁሉንም ሲመለከቱ ዋሉ። ከሁሉም ይልቅ እፀገነትን ነበር የሚያዩት፣ የሚያዩትም በክፉ ዓይን ነበር።

ማስተዋል በበኩሏ ነርስ ስርጉትን ከጤና ጣቢያው ጓሮ ይዛታለች።

«ወይዘሮ ፈንታነሽ ይህን የወተት ነገር አጥብቀው ይጠሉት ነበር አሉ።»

«ኧረ ይጠሉት ነበር! እስከ ረቡዕ...» ስርጉት ከንፈሯን ነከሰች።

«ረቡዕ ምን ሆነ?»

«የታካሚ ምስጢር ነው።»

«እሳቸው ታካሚሽ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ የማን ምስጢር ነው የምትጠብቂው?»

ማስተዋል ፖስታውን አውጥታ ግማሽ ማኅተም ያለባትን የወረቀት ጥግ ስታሳያት ነርሷ ፊቷ አመድ ሆነ። ማስተዋልም ከዚያ በላይ አላስጨነቀቻትም። «ነገ ስምንት ሰዓት ተኩል ለቅሶ ቤቱ ትመጫለሽ» አለቻት። «ሰው ሁሉ ባለበት ትናገሪያለሽ። የሞተው ሰው ነው፣ ምስጢርሽ ነገ ያልቃል።»

እሑድ ቡሄ ነበር። ከተማው በጅራፍ ጩኸት ተሞልቷል፣ ያ ቤት ግን በሩን ዘግቷል። ሳሎን ውስጥ ተስፋነህና ደሳለች በአንድ ወገን፣ እፀገነት ብቻዋን በሌላ ወገን፣ ስርጉት ከመስኮቱ ሥር፣ ወይዘሮ ዓይናለም ደግሞ ሕፃኗን እንዳዘሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሳጅን ካሳሁን በሩን ይዟል። ማስተዋል ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ አስቀመጠችው።

«የማን ነው?»

«የእናቴ በር ማቆሚያ ነው» አለች ደሳለች። «እሷ ነች በሱ...»

«ዝም በይና ስሚ። ጓሮው በድንጋይ የተሞላ ነው። ሰው ሊገድል የመጣ ታች ድረስ ወርዶ፣ የሟችን በር ማቆሚያ ነቅሎ፣ ከዚያ ሳይመታበት ደረጃ ላይ አስቀምጦት ይሄዳል? ድንጋዩ ላይ የደም ጠብታ የለም። ነገር ግን የእናትሽ ቀኝ ትከሻ ላይ፣ ነጠላቸው ሥር፣ የዚህ ድንጋይ አፈር ነበር። ድንጋዩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው። ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በነጠላቸው ሸፍነው፣ ወደ ላይኛው ቤት እየወጡ ነበር።»

ወይዘሮ ዓይናለም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይቅርታ ሊጠይቁ!»

«አዎ እማማ። በእኛ አገር ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የሰው ደጅ የሚሄደው ለሌላ ነገር አይደለም። እዚህ ያለው ሳጅን አምና ለአማቱ ተሸክሟል። ሬሳ አጠገብ ሲያየው ግን መግደያ መሰለው፤ ጠቡን ሁላችን ስለምናውቅ ከጠብ በስተቀር ሌላ ነገር አልታየንም።» ሳጅን ካሳሁን ጆሮው ቀላ።

«ለማን ነው ይቅርታው?» አለች እፀገነት ቀስ ብላ።

«ላይኛው ቤት የተበደለ ሌላ ማን አለ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክፍልሽ እንደማትጠፊ ደግሞ ያውቃሉ።»

ደሳለች ብድግ አለች። «ውሸት ነው! እናቴ ለዚች?»

«ፍልሰታ ሊቆርቡ አስበው ነበር?»

«አስባ ነበር...» ደሳለች ተመልሳ ተቀመጠች። «የንስሐ አባቷ መጀመሪያ ታረቂ ብለዋታል። አልታረቅም ብላ ስትቆጣ ነበር እኮ። ረቡዕ ግን ማልቀስ ጀመረች፣ እህልም አልበላላት አለ።»

«ስርጉት» አለች ማስተዋል።

ነርሷ ወለሉን እያየች ተናገረች። «ረቡዕ ወረቀት ይዘው መጡ። ለምጽዋት ካወጡት የልጃቸው አሮጌ ካፖርት ኪስ ነው ያገኙት። ማንበብ ስለማይችሉ አንብቢልኝ አሉኝ። የላቦራቶሪ ውጤት ነበር፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የተሠራ። በተስፋነህ ስም። ልጅ መውለድ የማይችለው እሱ እንደሆነ ይላል።»

ውጭ ጅራፍ ጮኸ።

«አንብቤ ስጨርስ፣ "አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ በልጄ ጦስ ሳቃጥል ኖርሁ?" አሉ። ልጄን እስከ ዓርብ ራስህ ንገራት፣ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ እለዋለሁ ብለው ወረቀቱን ይዘው ሄዱ።»

እፀገነት ባሏን አየችው። እሱ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይህ ወረቀት ምንም አያረጋግጥም» አለ። «የሰው ጤና ነው፣ ነውርም አይደለም። እኔ በዚያ ሰዓት ሳሎን ነበርሁ። ማሽኑ ሲሠራ ሰምቻለሁ።»

«ማሽኑ!» አለች ማስተዋል። መዝገቡን ከፍታ ከድንጋዩ አጠገብ አደረገችው። «ማሽን ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ ያልባል፤ ለዚህ ነው "ሁለቱም አሥራ አምስት" ተብሎ የሚጻፈው። በእጅ ሲሆን መጀመሪያ ቀኝ አሥር፣ ከዚያ ግራ አሥር ነው፤ ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኔ እያየ ተጽፏል። የዘጠኝ ሰዓቷን መስመር እዩልኝ። ቃሉ "በማሽን" ይላል። ቁጥሩ ግን ቀኝ አሥር፣ ግራ አምስት። ቀኙን ጨርሳ ግራውን ስትጀምር አምስተኛው ደቂቃ ላይ ደሳለች ጮኸች።» ወደ እፀገነት ዞረች። «ቃሉን ለውጠሽዋል። ቁጥር መዋሸት ግን አልሆነልሽም። ዓርብ ጠይቄሽ ነበር፣ አሁንም እጠይቅሻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ይሠራ ነበር?»

እፀገነት አፏን ከፈተች፣ ግን ተስፋነህ ቀደማት።

«እፀዬ» አለ፣ ልስልስ ባለ ድምፅ። «ነገ ሰኞ ነው። ባሏ ለታሰረ ሴት ማን ልጅ ይሰጣታል? ረጋ ብለሽ አስቢበት።»

ማስተዋል ጣልቃ አልገባችም። ያለዚህች ሴት ቃል በእጇ ያለው አንድ ድንጋይ፣ አንድ የወረቀት ጥግና አንድ ወፍራም ቃል ብቻ ነው፤ የትኛውም ጠበቃ በትንፋሹ እፍ ብሎ ይበትነዋል። ይህንን ተስፋነህም ያውቃል። እፀገነትም ታውቃለች። ዓይኗ በወይዘሮ ዓይናለም ትከሻ ላይ ብቅ ያለችውን የሕፃኗን ኮፍያ አየ፣ ረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ።

«ዓርብ ማታ ምን አልከኝ?» አለችው። «ላንቺ ብዬ ነው የዋሸሁት አልከኝ። ደሳለች እንዳትበላሽ፣ ልጃችን እንዳታመልጠን አልከኝ። በማሽን ብለሽ አስተካክይው አልከኝ፣ አስተካከልኩት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለእኔ ያደረግከው አንድ ደግ ነገር መስሎኝ አልቅሼልህ ነበር እኮ!» ወደ ማስተዋል ዞረች። «ላስቲኩ የተቀደደው ስድስት ሰዓት ላይ ሳጥበው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእጄ ነው ያለብኩት። ማሽን ስላልነበረ የጓሮው በር ሲከፈት ሰምቻለሁ። ሲዘጋም ሰምቻለሁ። ሽንት ቤት ሄዶ ነው ብዬ ነበር።»

«ዋሾ!» አለ ተስፋነህ። ያ ልስልስ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«አንተ ነህ ዋሾው» አለችው ማስተዋል፤ እርስዎ ማለቱን እዚያው ተወችው። «ማሽኑን ሰማሁ ያልኸው ስለሰማኸው አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ስታጓድል ስላላየህ ዓርብም ዝዝዝ ብሏል ብለህ ተማመንህ። እኅትህ ቤቱ ጭር ብሏል ያለችው በጥላቻ ነው፣ ነገር ግን እውነቷን ነበር።»

ተስፋነህ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። «አልገፋኋትም! ወረቀቱን ስጪኝ ብዬ ለመንኋት። ድንጋዩን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች እየወጣች ነው፣ አልሰማ አለችኝ። በደጄ ወንድ አይደለም ሊባል ነው! ወረቀቱን ስነጥቃት ነው ድንጋዩ ያንገዳገዳት።»

«ሲወድቁ ሞተው ነበር?»

ተስፋነህ መሐረቡን እንደገና ከኪሱ አወጣ።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሎ ጽፏል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ተንፍሰዋል። አንተ ግን ወረቀቱን ይዘህ ገባህ፣ በሩን ዘጋህ፣ ሳሎን ተቀመጥህ፣ እኅትህ መጥታ እስክትጮህ ጠበቅህ።»

ደሳለች እንደ እብድ ተነስታ ወንድሟን በጥፊ አጮለችው። ሳጅን ካሳሁን ባይዛት ትዘነጥለው ነበር። እጁ ታስሮ ሲወጣ ወደ ሚስቱ ዞር አለ፣ እሷ ግን አላየችውም።

የእፀገነት ስልክ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት።

ወደ ክፍሏ ልትገባ ስትል ደሳለች መንገዷ ላይ ቆማ አገኘቻት። የእናቷን ድንጋይ ከጠረጴዛው አንስታ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች፣ ጎንበስ ብላለች፣ እንባዋ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«አስቀምጪው» አለቻት እፀገነት። «ዛሬ አይሆንልኝም። ሌላ ቀን ተሸክመሽ ነይ።»

«እመጣለሁ» አለች ደሳለች።

በሩ ጋ ስትደርስ ግን እፀገነት መቃኑን ይዛ ቆመች። «ለማን ነው አሁን የማልበው?» አለች ለማንም ሳይሆን። «ነገ አይሰጡኝም።»

«ቢሮው ነገ ምን እንደሚል አላውቅም» አለች ማስተዋል። መዋሸት አታውቅበትም። «ባል የሌላት ሴት ልጅ አታሳድግም የሚል ሕግ ግን አላየሁም። እሄዳለሁ፣ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።»

ወይዘሮ ዓይናለም ከበርጩማው ተነሱና አንቀልባውን መፍታት ጀመሩ። ፊታቸው አሁንም እንደተቆጣ ነው።

«ቢሮው ጡት አለው?» አሉ። «እኔ ባል ፍለጋ ከይፋግ አልመጣሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይሽ ቆየሁ፤ ሰው ሲሰድብሽም ሲቀብርም ሰዓትሽን አላጎደልሽም፣ አሁን በእኔ ላይ ልታጎድዪ ነው? ነይ ያዣት፣ ርቧታል።»

ሕፃኗ ገና ከአንቀልባው ስትወጣ ጮኸች። የእፀገነት ቀሚስ በቀኝ በኩል የሳንቲም ያህል ረጠበ። ስርጉት ተከትላት ገባችና በሩ ተዘጋ።

ማስተዋል መዝገቡን በበሩ ክፍተት አቀበለቻቸው። ማስረጃ ነው፣ መልሳ ትወስደዋለች፤ የዘጠኝ ሰዓቷን መስመር ግን ሌላ ሰው እንዲጽፋት አልፈለገችም። ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣ ጠበቀች። የማሽን ድምፅ የለም። ትንሽ ለቅሶ ተሰማ፣ የስርጉት ድምፅ «እንዲህ ያዣት፣ ቀና አድርጊያት» አለ፣ ከዚያ ለቅሶው ቆመ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስርጉት መዝገቡን ይዛ ወጣች። ማስተዋል መነጽሯን አድርጋ የመጨረሻዋን መስመር አነበበች።

9 ሰዓት፣ በልጅ፣ ቀኝ 12 ግራ 14 ደቂቃ።

ስንት ሚሊ እንደሆነ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ቁጥር የለም።